ማርሚታው ለምን አይበየድም?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ ነው። ፖለቲካ የጠበቃችሁ ወዳጆቼ እለፉት። ያስተማርኳችሁ ልጆች ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ መሃሉ ላይ ፊዚክስ አለበት፣ ፈተና ግን የለውም።

ነገሩ የመጣው ከያዮ ነው። ለማታውቋት፣ ያዮ ከበደሌ ወደ መቱ ስትሄዱ ሁሩሙ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት፣ ዙሪያዋን በጫካ ቡና የተከበበች ከተማ ናት። ጫካው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ 167,021 ሄክታር ነው። ሌላው ሰው ያዮን የሚያውቃት በድንጋይ ከሰሏና ተጀምሮ በቀረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ነው። እኔ የማውቃት በጭቃዋ ነው። ኢሉባቦር ዝናብ የሚጀምረው ሌላው አገር ገና አቧራ ሲቅም ነው፤ ሌላው አገር መስቀልን በፀሐይ ሲያከብር እዚያ ገና ጎማ ከጭቃ ይጎተታል። ከዋናው መንገድ ወረድ ያለ ቀበሌ ሁሉ የሚኖረው በሞተር ነው። ቡና በሞተር፣ ወላድ በሞተር፣ ክትባት በሞተር።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እዚያ አካባቢ የጤና ባለሙያ ናት። የክትባት ሣጥን አንግታ ወደ ገባ ወንዝ አቅጣጫ የሚወርዱትን ቀበሌዎች ታዳርሳለች። የተሰጣት ሞተር ያረጀ ባለ 125 ሲሲ የጃፓን ቱ ስትሮክ ነው፤ ያ ጢስ የሚያበዛው፣ እንደ ንብ የሚጮኸው፣ ድሮ የግብርና ሠራተኞች የሚነዱት ዓይነት። አሁን ከተማው ሁሉ የህንድ ባለ አራት ምት ሞተር ሆኗል። ቱ ስትሮክ የቀረው የቢሮ ንብረት ሆኖ መወገድ ያልቻለው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ማርሚታውም የራሱ አይደለም፤ ዋናው በዝገት ካለቀ በኋላ ከሌላ ሞተር የመጣ፣ በሁለት ሞላ ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚያዝ ዓይነት ተገጥሞለታል።

ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ሞተሩ ዳገት እምቢ አለ። ሜዳ ላይ ይሮጣል፣ ዳገት ላይ ሣጥኑን ተሸክሜ እኔ ነኝ የምገፋው። ደግሞ ጩኸቱ! ልጆቹ መርፌ ሳያዩ በሞተሩ ድምፅ ብቻ ያለቅሳሉ።»

ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ እየቀለጠ ሰዓት ይቆጥራል። ዳገት ላይ ሞተር ሲገፋ የሚባክነው ደቂቃ ከእሷ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ከበረዶውም ላይ ይቀነሳል።

የሞተሩን አፍ ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ነገርኳት። ገና ሳየው ገባኝ። ማርሚታው ሲሊንደሩን ከሚነካበት ቦታ ጀምሮ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሬንጅ የመሰለ ቅባት እስከ ታች ድረስ ወርዷል። ከሁለቱ ሞላዎች አንዱ የለም። በእሱ ፋንታ የሚስማር ማሰሪያ ሽቦ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል።

አሁን ፊዚክሱ። (አይዟችሁ፣ አጭር ነው።)

ባለ አራት ምት ሞተር ቫልቭ አለው፤ ጭሱ ሲወጣና ነዳጁ ሲገባ በየተራ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቱ ስትሮክ በር የለውም። ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮት አለ፤ ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ መስኮቱን ይከፍታል፣ ሲወጣ ይዘጋዋል። ችግሩ፣ ጭሱ የሚወጣበት መስኮትና አዲሱ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚገባበት መስኮት ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ላይ ክፍት መሆናቸው ነው። ስለዚህ ገና ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር ተከትሎ ውልቅ ይላል። በቀጥተኛ ቱቦ ብትሰሩት ነዳጃችሁን ለጫካው እየሰጣችሁ ነው የምትሄዱት።

እንግዲህ ማርሚታው እዚህ ላይ ነው የሚገባው። የቱ ስትሮክ ማርሚታ ሆዱ የተነፋው ለውበት አይደለም። ጭሱ በኃይል ሲወጣ የግፊት ሞገድ ይዞ ይወጣል። ቱቦው እየሰፋ የሚሄድበት ቦታ ላይ ከሞገዱ የተወሰነው እንደ መምጠጫ ሆኖ ይመለሳል፤ የቀረውን ጭስ ይስባል። ቀጥሎ ቱቦው እየጠበበ የሚሄድበት ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ እንደ ግፊት ሆኖ ይመለሳል፤ አምልጦ የወጣውን አዲስ ድብልቅ፣ መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይጠቀጥቀዋል። የገደል ማሚቶ ማለት ነው። ሞተሩ የሚሠራው በራሱ ማሚቶ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ይዞራል እንበል። በሰከንድ 100 ዙር ነው፤ አንዱ ዙር 0.01 ሰከንድ ይፈጃል። የጭሱ መስኮት ክፍት የሚሆነው ከዙሩ ግማሽ ለሚጠጋው ነው፤ 0.005 ሰከንድ በሉት። በጋለ ጭስ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 500 ሜትር ይጓዛል (በውጭ አየር 340 ያህል እንደሆነ አስተምሬያችኋለሁ፣ የረሳ የለም መቼም)። 500 ሲባዛ በ0.005፣ 2.5 ሜትር። ሄዶ መመለስ ስላለበት ለሁለት ክፈሉት፤ 1.25 ሜትር። አሁን ሜትር ይዛችሁ የማርሚታውን ርዝመት ለኩ። ያን ቁጥር ባታገኙ እንኳ ቅርቡ ትደርሳላችሁ። እኔ ይሄን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አሁንም ደስ ይለኛል።

ይህንን ወደ እጅግ ጥሩ ደረጃ ያደረሰው ሰው ዋልተር ካደን የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ በምሥራቅ ጀርመን ኤምዜድ በሚባለው ፋብሪካ። በ1961 እ.ኤ.አ. ከአንዲት ባለ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በዚያው ዓመት የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ደግነር ስዊድን ለውድድር ሄዶ በዚያው ኮበለለ፤ የማርሚታውንም ዕውቀት ይዞ ጃፓን ሱዙኪ ገባ። በ1962 እ.ኤ.አ. ሱዙኪ በ50 ሲሲ ምድብ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ነጂው ራሱ ደግነር ነበር። አስቡት፣ ያን ጊዜ በሁለት የዓለም ጎራዎች መካከል እንደ ምሥጢር ተሻግሮ የሄደው የማርሚታ ቅርፅ ነው። የያዮዋ ተማሪዬ ሞተር የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ቃሉስ ቢሆን? ማርሚታ የምንለው ከጣልያንኛ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ መጀመሪያ ትልቅ ድስት ማለት ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ሮንዴላ፣ ሞላ፣ ካንዴላ… ጣልያን በአምስት ዓመቱ ሄደ፣ ጋራዡን ግን ለቆልን አልሄደም። ባለ ጋራዦቻችን ሳያውቁት ጣልያንኛ ተናጋሪዎች ናቸው።

ወደ ቅባቱ እንመለስ። ማርሚታው ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከላላ፣ ያ የሚመለሰው ማሚቶ ሥራውን ሳይሠራ በክፍተቱ ይተነፍሳል። መምጠጫው ሞገድ ሲመጣ ደግሞ ከውጭ አየር ይስባል፤ ጋዝ ስትለቁ «ጳ ጳ» የሚለው ለዚህ ነው። ጉልበቱ በተለይ መካከለኛ ዙር ላይ፣ ማለትም ዳገት ስትወጡ በምትፈልጉት ቦታ ላይ፣ ይጠፋል። ያልተቃጠለው ዘይትና ቤንዚን በክፍተቱ ይወጣና ጥላሸት ሆኖ ይንጠባጠባል። ቅባቱ ብቻውን ግን ሁልጊዜ የላላ ማርሚታ ምልክት አይደለም፤ ዘይት አብዝታችሁ ከቀላቀላችሁም ይወርዳል። እሱ ግን በብዛት የሚታየው ከኋላ ጫፉ ነው፤ የእሷ ከፊት ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ማታ የት ታቆሚዋለሽ?» አልኳት። «ቤት ውስጥ፣ አልጋዬ አጠገብ። ውጪ ዝናብ ነው፣ ሌባም አለ።» «ጠዋት የት ታስነሺዋለሽ?» «እዚያው ነዋ፣ እስኪሞቅ።»

ልጆቼ፣ ይህንን እባካችሁ አንብቡ። ከቱ ስትሮክ የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የበዛበት ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታውን ለብቻው አታውቁትም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሆኖ ነው የሚጀምረው። ከሰል ቤት ውስጥ አድሮ ሰው እንደሚገድል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ገዳዩ ያው ነው። ማርሚታው ደህና ቢሆን እንኳ ቤት ውስጥ ሞተር አይነሳም። ደጅ ግፉት፣ ዝናብ ቢሆንም ደጅ ግፉት። ጠዋት ጠዋት ራሷን እንደሚያማትና ቡና ስላልጠጣች እንደሚመስላት ነገረችኝ። ኢሉባቦር ተወልዶ ቡና አጥቶ ራሱን የሚያመው ሰው ከየት ይመጣል!

ቢሮዋን ጠይቃ ነበር። የቢሮዋ መልስ፣ ለጎማና ለዘይት በጀት አለ፣ ለማርሚታ ሞላ የሚሆን የወጪ ርዕስ ግን የለም የሚል ነው። በደብዳቤ ጠይቂ ብለዋት ጠይቃለች፤ ደብዳቤው ከክትባቱ ሣጥን በተሻለ ቅዝቃዜ ውስጥ ተቀምጧል መሰለኝ፣ እስካሁን አልተበላሸም፣ አልተንቀሳቀሰምም። ስለዚህ ከኪሷ ከፍላ ጋራዥ ወሰደችው።

እኔም በዚያው ሰሞን መቱ ጉዳይ ነበረኝና ያዮ ወረድኩ። ጋራዡ ያለው ልጅ ጎበዝ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው ማለት እችላለሁ። ብየዳ የተማረው የፋብሪካው ሥራ በተሟሟቀበት ጊዜ ነው። ሥራው ቆመ፣ ብየዳው እጁ ላይ ቀረ። ስለዚህ ለእሱ የዓለም ችግር ሁሉ መፍትሔው ብየዳ ነው። ሞተሩን አየና «ባርሲሳ፣» አለኝ፤ ያዮ አስተማሪን እንደዚያ ነው የሚጠሩት፤ «ሞላ ይጠፋል፣ ብየዳ አይጠፋም። ማርሚታውን ከአፉ ብረት ጋር ልበይደውና ለዘላለም ትገላገል።»

ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። የእሱን ሐሳብ ቀላል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም። ደንበኛው ከሩቅ ቀበሌ ነው የሚመጣው። ሞላው መንገድ ላይ ከወደቀ ጭቃ ይውጠዋል፣ መለዋወጫ መቱም ላይኖር ይችላል። አንዴ ተበይዶ ሁለት ዓመት የሠራ ሞተር አለኝ አለ፤ አመንኩት፣ ውሸታም ልጅ አይደለም።

ነገር ግን ቱ ስትሮክ ይንቀጠቀጣል። ማርሚታው አንድ ጫፉ ሲሊንደሩ ላይ፣ ሌላው ሻንሲው ላይ ነው፤ ሲሊንደሩና ሻንሲው ደግሞ እኩል አይንቀጠቀጡም። በዚያ ላይ ሙቀት አለ። ብረት በያንዳንዱ ዲግሪ በሜትር 0.000012 ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ ሜትር ቱቦ 300 ዲግሪ ሲጨመርበት ወደ 3.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። በያንዳንዱ ጉዞ ይረዝማል፣ ዝናብ ሲመታው ያጥራል። ሞላውና ጎሚኒው ያሉት ይህንን እንዲችሉ ነው፤ ማርሚታው መጥበቅ አለበት፣ መጨከን ግን የለበትም። ከበየዳችሁት እንቅስቃሴው ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

«እሺ፣ የተበየደ አሮጌ ማርሚታ አለህ?» አልኩት። ጋራዡ ጓሮ ከተጣሉት ብረቶች መሃል ሁለት አወጣ። ሁለቱም ተሰንጥቀዋል። አንዱም ብየዳው ላይ አይደለም የተሰነጠቀው፤ ከብየዳው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር አለፍ ብሎ፣ ብረቱ በእሳቱ ከተለወጠበት ቦታ ላይ ነው። ልጁ በጣቱ እየነካ ዝም ብሎ ቆየ። «ብየዳዬስ ጥሩ ነበር» አለ። ጥሩ ነበር፣ እውነቱን ነው። እሱ ያላሰበው ሌላም ነገር አለ፦ ቱ ስትሮክ ማርሚታ በየጊዜው ወልቆ ጥላሸቱ መጠረግ አለበት፤ ከተበየደ ማን ያወልቀዋል?

እንግዲህ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ፤ እንዲህ ዓይነት ሞተር ያላችሁ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ሞላ በፒንሳ አይወለቅም፤ ያመልጥና ዓይን ያጠፋል። ጠንካራ ሲባጎ ሞላው ጫፍ ላይ አስገብታችሁ ሲባጎውን በእንጨት ጠምጥማችሁ ሳቡት፤ ሞላው ላይ ጨርቅ ጣሉበት። ማርሚታው ሲወጣ የሲሊንደሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑት፤ የሚፋቀው ጥላሸት ፒስቶኑ ላይ እንዳይወድቅ። ጥላሸቱን በእንጨትና በነሐስ ብሩሽ ፋቁት፤ በካቻቢቴ ከፋቃችሁ አፉን ትቧጥጡታላችሁ፣ ያ ጭረት ነገ ራሱ የጭስ መንገድ ይሆናል። ከዚያ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ። (ሲጋራ አጫሹን ከጋራዡ አስወጡት።) አሮጌ ጋስኬት ካለበት በደረቁ አትፋቁት፣ አትንፉትም፤ የድሮዎቹ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። በውሃ አርሱትና አንሡት።

ቀጥሎ ክፍተቱን ለካን። የማርሚታው አፍ ከሲሊንደሩ አፍ ላይ በእጅ ሲነቃነቅ «ቋ ቋ» ካለ ብረቱ ተበልቷል ማለት ነው። ያን ሲልከን አይሞላውም። ብዙ ሰው አንድ ቱቦ ቀይ ሲልከን ሙሉውን ቀብቶ፣ እዚያው ሞተሩን አስነሥቶ፣ «ሲልከን አይሠራም» ይላል። የሚሠራው ቀለበቱ ነው፤ ሲልከኑ ረዳት ነው። እንዲህ ያለ አፍ ሙቀት የሚችሉ የጎማ ቀለበቶች አሉት፤ ቫይተን የሚባለው ዓይነት። ተራ ጎማ በአንድ ቀን አመድ ይሆናል። የእሷ ላይ ቀለበት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቦዩ ብቻ ነበረ፣ ጥላሸት ሞልቶት።

ቫይተን ያዮ የለም፣ መቱም ዞሬ አላገኘሁም። ልጁ ያመጣውን መላ ግን ውደዱለት። ከኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ አወጣ፣ በእሳት አቀላው፣ ውሃ ውስጥ ነከረው። ብረት እንደዚያ ቢደረግ ይጠነክራል፤ መዳብ ግን ይለሰልሳል። የለሰለሰውን መዳብ ቦዩ ውስጥ ዙሪያውን አስተኛው፣ ጫፍና ጫፉን በሞረድ አገናኘው። በላዩ ሙቀት የሚችል ሲልከን ስስ አድርገን፣ እንደ ቅቤ፣ ውጪውን ብቻ ቀባን። ወደ ውስጥ የተረፈ ሲልከን ተቆርሶ ማርሚታው ውስጥ ይገባል።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ ዋናው ነገር ነው፣ ብዙ ሰው የሚስተውም እሱን ነው። ሻንሲው ላይ ያሉትን ብሎኖች በእጅ ብቻ ያዙ፣ አታጥብቁ። ማርሚታውን ሲሊንደሩ አፍ ላይ እስከ ጥግ አስገቡ። ሞላዎቹን ስቀሉ። በመጨረሻ ብሎኖቹን አጥብቁ። የብሎኑ ቀዳዳ አልገጥም ካለ በጉልበት አትሳቡት፤ ሮንዴላ ጨምሩበት ወይም ማያዣውን አቅኑት። በጉልበት የገባ ብሎን ማርሚታውን ቀኑን ሙሉ ወደ ጎን ይስባል፤ ቀለበቱ ወርቅ ቢሆን አይቆይም። ጎሚኒዎቹ ደርቀው ስለነበር ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠን ቀየርናቸው።

የጠፋው ሞላ በስታንድ ሞላ ተተካ፤ ርዝመቱ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ይስባል። በሁለቱም ሞላ ውስጥ ለውስጥ ቀጭን ሽቦ አሳልፈን ጫፉን ማቀፊያው ላይ አሰርን። ሽቦው ማርሚታውን አይዝም፤ ሞላው ቢበጠስ ጭቃ እንዳይውጠው ነው። «ሞላ ይጠፋል» ላለኝ ልጅ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው፤ ሽቦውን ሲያሥር ፈገግ ብሎ ነበር።

ከዚያ ከባዱ ሥራ፦ ሳያስነሡ ማደር። ሲልከን ለመድረቅ አንድ ቀን ይፈልጋል። እሷ በማግሥቱ ቀጠሮ ነበራት። በእግሯ ሄደች፤ ሣጥኑን አንድ የአካባቢው ልጅ ተሸከመላት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደጅ፣ ዝናብ ላይ፣ ሞተሩን አስነሣነው። የኋላውን ጫፍ ለአፍታ በእርጥብ ጨርቅ ስንይዘው ከፊት የሚተነፍስ ነገር አልነበረም። ድምፁ ከ«ጳ» ወደ «ርርር» ተመልሷል። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣችው፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ ቀላል ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። ቀኝ እግሬን ከማርሚታው አርቄ ያዝኩ። እሷ ባቷ ላይ ያሮጌ ቃጠሎ ጠባሳ አላት፤ እዚያ አገር ሞተር ላይ ከሚፈናጠጡት ብዙዎቹ አላቸው። ልጁ ከዚያ በኋላ ከአሮጌ ቆርቆሮ መከለያ ሠርቶ በክላምፕ አሠረላት፤ አልበየደውም።

ይሄ ከሆነ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። ትናንት ደውላ ነበር፤ ራስ ምታቱ የለም፣ ሞተሩን ደጅ ነው የምታስነሣው። የመዳቡ ቀለበት ግን ላብ ማውጣት ጀምሯል፤ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ከሥር በኩል ታየ ትላለች። ይጠበቅ ነበር፤ መዳብ እንደ ጎማ አይለጠጥም፣ የቡና ወቅት እስኪያልፍ ቢያደርሰን ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በተለይ የሞተር መለዋወጫ ሱቅ የምታውቁ፦ ሙቀት የሚችል የቫይተን ቀለበት፣ የውስጥ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3፣ አራት ፍሬ እፈልጋለሁ። የማርሚታ ሞላም ከመንጠቆ እስከ መንጠቆ 75 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ወደ መቱ የሚሄድ ሰው ካለም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ያዮ መናኸሪያው ጋ ልጁ መጥቶ ይቀበላል።